አንድ ክርና አምስት ድምፅ

ከቦሌ እስከ ገርጂ በየሰፈሩ የተከፈቱት «ፕሌይስቴሽን ቤቶች» ዋነኛ ገበያቸው እግር ኳስ ነው፤ ጨዋታው አጭር፣ ተረኛውም ብዙ ነውና። ተጫዋቹ የአንድ ጀግናን ሚና ተላብሶ ለቀናት የሚጓዝበት የጃፓን ተረት ግን የሚመቸው ለመኖሪያ ቤት ነው።

ይህን ዘርፍ በጃፓን መልክ ያስያዘው «ድራገን ኩዌስት» እ.ኤ.አ. በ1986 ሲወጣ፣ መጫወቻው መሣሪያ የነበረው የድምፅ መሥመር አምስት ብቻ ነበር። የዜማው ደራሲ ኮይቺ ሱጊያማ በዚያ ጥበት ውስጥ የቤተ መንግሥቱን ግርማና የመንገደኛውን ብቸኝነት ለይቶ አሰማ። በ1987 የተከተለውን የ«ፋይናል ፋንታሲ» ሙዚቃ የደረሰው ኖቡዎ ኡኤማትሱ ደግሞ ፒያኖን ያለ መምህር የተማረ ሰው ነው። የመሣሪያው ማኅደር ጠባብ በመሆኑ ዜማው አጥሮ፣ እየዞረ ይመለስ ነበር።

ይህ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። የአዝማሪው መሰንቆ ክሩ አንድ ነው፤ ትዝታም እየዞረ የሚመለስ ዜማ ነው። የአምባሰል ቅኝት አምስቱ ድምፆችም «ሳኩራ» ከተባለው የጃፓን ዜማ ድምፆች ጋር ይገጥማሉ።

ከዓመታት በኋላ ወደ ጨዋታው የሚመለስ ሰው ታሪኩን ያውቀዋል፤ ጠላቱም አያስደነግጠውም። የሚጠራው ዜማው ነው። የ«ፋይናል ፋንታሲ» ቀዳሚ ክፍሎች ከ2021 ጀምሮ በአዲስ ቅንብር ሲታተሙ፣ በ2023 የቀረበው እትም የጥንቱንም ድምፅ መምረጥ እንዲቻል አደረገ። አዲሱ ቢያምርም አሮጌውን አልተካም።

እኛም የቀድሞ ዘፈኖቻችንን በአዲስ ቅንብር ስናስጌጥ፣ ሸክላውንና ክሩን አንጣል። ትዝታ የሚያድረው በዚያ በቀጭኑ ድምፅ ውስጥ ነውና።