ከታቦር ግርጌ

ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቆሞ ውኃውንና ከተማውን በአንድነት የሚመለከተው ኮረብታ ታቦር ይባላል፤ ክፍለ ከተማው በስሙ ተጠርቷል፣ ትምህርት ቤቱም እንዲሁ፤ መንገደኛውም፣ ነጋዴውም፣ ተማሪውም ይህን ስም በቀን ስንት ጊዜ ሲያነሣ ሲጥለው ከመዋሉ የተነሣ፣ ከቅዱሳት መጻሕፍት የተቀዳ ስም መሆኑን፣ ይልቁንም ታላቅ ምሥጢር የተሸከመ መሆኑን ልብ የሚል ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን ስለዚህ ኮረብታ ስጽፍ ከስሙ መጀመርን መርጫለሁ፤ የስፍራው ታሪክ ከስሙ ምሥጢር ጋር እንዴት እንደ ተጋጠመ ባሰብሁ ቍጥር እደነቃለሁና።

ወንጌላውያኑ የጌታ መልክ የተለወጠበትን ስፍራ ረጅም ተራራ ይሉታል እንጂ ታቦር ብለው አልሰየሙትም፤ ስሙን ያጸኑት ከእነርሱ በኋላ የተነሡት ሊቃውንት ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያንም ትውፊቱን ተቀብላ ነሐሴ 13 ቀን የሚውለውን በዓል ደብረ ታቦር አለችው። በግሪኩ ወንጌል በተራራው ላይ ስለ ሆነው ነገር የተነገረው ግስ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ምእመናን በጻፈው መልእክት ልባቸውን አድሰው እንዲለወጡ ያዘዘበት ያው ግስ ነው፤ በአማርኛውም መጽሐፍ ቅዱስ በሁለቱም ስፍራ «መለወጥ» ተብሏል። በመምህሩ ፊት ላይ የበራው ብርሃን በደቀ መዝሙሩ ልቡና ውስጥም መብራት አለበት ማለት ነው።

ያን ብርሃን እንዲያዩ የተመረጡት ጴጥሮስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ፣ ሦስቱም ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። የሐዋሳው ታቦር ግርጌም አሞራ ገደል የሚባለው የዓሣ አጥማጆች መዋያ ነው። ማለዳ ወደዚያ የወረደ ሰው ሌሊቱን ውኃ ላይ ያደሩት ጀልባዎች ሲመለሱ፣ መረቡ ሲራገፍ፣ ጎልማሶች በስለታም ቢላዋ የቆሮሶውን ቆዳ ገፍፈው ሥጋውን ከአጥንቱ ሲለዩ፣ ትልልቆቹም አሞራዎች የሚጣልላቸውን አንጀት በትዕግሥት ሲጠባበቁ ያገኛል። የጴጥሮስም እጅ እንዲህ በመረብ ገመድ የሻከረ እጅ ነበረ። ይህ ሰው በተራራው ላይ ሦስት ዳስ ሠርቶ በዚያው መቅረትን ተመኘ፤ ነገር ግን ከመምህሩ ጋር ሲወርድ ያገኘው፣ የታመመ ልጁን ይዞ ስለ እርሱ የሚማልድ አባት ነው። ወንጌል እነዚህን ሁለት ታሪኮች ሳያራርቅ አከታትሎ መጻፉ ዘወትር ያሳስበኛል።

ሐዋሳ ወጣት ከተማ ናት፤ በ1952 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ተቆረቆረች፤ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መዲናነትም ከይርጋለም ወደ እርሷ ተዛወረ። ዛሬ በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ቀን የቅዱስ ገብርኤልን ንግሥ ለማክበር ከሩቅ አገር የሚመጣው ስለተኛ ሕዝብ ጎዳናዋን ይሞላዋል። ከተማዪቱ ሳትቆረቆር፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ ቻይናን ለቀው የወጡት የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ሰዎች ወደ ሲዳሞ መጥተው ነበር፤ በይርጋለም ሆስፒታል በሽተኛ ያስታምሙ ነበር፤ በኋላም በሐዋሳ በታቦር ስም የተጠራውን ሴሚናሪ አቋቋሙ። የስዊድን ጴንጤቆስጤዎችም በዚያው ከተማ ሠርተዋል፤ የሕይወት ብርሃን ቤተ ክርስቲያን ሥር ከእነርሱ አገልግሎት የበቀለ ነው። በትምህርተ ሃይማኖት በአብያተ ክርስቲያናቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል ባይሆንም፣ የሕሙማንን ቍስል ያጠበ ሰው ድካሙ በማንም ዘንድ ሊናቅ አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚይዘው የቄስ ጉዲና ቱምሳ ነገር ነው። በ1951 ዓ.ም. የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሳሉ፣ በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ላከች። የባሕር ማዶ ረጂዎች ለልማት ሥራ ገንዘባቸውን ሲሰጡ ለስብከተ ወንጌል ግን እጃቸውን ሰብሰብ ያደርጉ ነበርና፣ ደብዳቤው ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ እንደማይከፈል፣ የውስጥ ሰውነቱ ካልታደሰም የኅብረተሰቡ ልማት እንደማይጸና በግልጥ አስረዳ። ጉድጓድ የቆፈረ፣ ትምህርት ቤት የሠራ፣ ልቡ ግን እንደ ቀድሞው የቀረ ሕዝብ ነገ በጉድጓዱ እንደሚጣላ የገጠር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እንዲሁም ሲጸልይ ውሎ የጎረቤቱን ጥማት ያላየ ሰው ጸሎቱ ወዴት እንደ ደረሰ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።

ብዙ ሳይቆይ ደርግ መጣ። ሴሚናሪው ተወርሶ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆነ፤ በደቡብ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፤ ምእመናንም መስኮት ዘግተው፣ ድምፅ ቀንሰው በየቤቱ ተሰባሰቡ። ቄስ ጉዲና ከአገር እንዲወጡ በታንዛኒያው ፕሬዚዳንት በጁሊየስ ኔሬሬ በኩል መንገድ ቢከፈትላቸው፣ መንጋቸውን ትተው አልሄድም አሉ፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ብዙ ዓመት ታሰሩ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ የተገደሉትም በዚያው ዓመት ነው። በተለያየ መንገድ የተጓዙትን ሁለቱን አባቶች ሞት በአንድ ዓመት አገናኛቸው።

ከብርሃኑ ተነሥቶ ወደ ሰው ችግር የመውረድን ነገር ጥንታዊው የደብረ ታቦር ሥርዓታችን ለሕፃናት በዳቦ ያስተምረዋል። አበው እንደሚተርኩት፣ የጌታ መልክ በተለወጠባት ቀን ብርሃኑ ከተራራው ላይ ስለ ፈሰሰ እረኞቹ መሽቶ ሳለ ቀን መስሏቸው ከከብቶቻቸው ጋር በሜዳ ቀሩ፤ ወላጆቻቸውም ልጆቻችን ራባቸው ብለው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ። በበዓሉ የሚጮኸው ጅራፍ ደቀ መዛሙርቱን ያስደነገጣቸውን ድምፅ፣ የሚበራው ችቦ ብርሃኑን፣ ሙልሙል የተባለውም ዳቦ ያን የፍለጋ ዳቦ ያሳስባል። እረኞቹ ምሥጢሩን አላወቁም፤ በብርሃኑ ግን ተጫወቱ፤ ሌሎችም ስለ እነርሱ ወደ ጨለማ ወጡ።

በነሐሴ 12 ምሽት፣ ክረምቱ ጋብ ሲል፣ የሐዋሳም ልጆች ዱላቸውን ይዘው ከደጅ ወደ ደጅ እየዞሩ «ሆያ ሆዬ» ይላሉ። የቤቱ እመቤት በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ከጓዳ የሚወጣው የዳቦ ሽታ አብሯት እየመጣ፣ ሙልሙሉን ለአለቃቸው ትሰጠዋለች፤ ልጁም ትኩስነቱ መዳፉን ስለሚያቃጥለው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያቀያየረ፣ ከሁሉ ታናሽ ለሆነው አስቀድሞ ይቈርስለታል።