ገነቱ የማን ነበር?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የሰፈርን ስም ግን ሰው ነው የሚያወጣው፤ መሬቱ መልኩን ሲቀይርም አንዳንዴ ስሙ ብቻውን ምስክር ሆኖ ይቀራል።

ከጎንደር ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ስትወርዱ አዘዞን ታገኛላችሁ። ቤት በቤት ላይ፣ ሱቅ በሱቅ ላይ፣ ወደ መተማ የሚታጠፍ መንገድ። ይኸው ስፍራ የዛሬ አራት መቶ ዓመት ገደማ የአፄ ሱስንዮስ የአትክልት ቦታ ነበር፤ ስሙም ገነተ ኢየሱስ። ገነት ስንል ሰማዩን እናስባለን እንጂ በግእዝ የአትክልት ቦታም ማለት ነው። ንጉሡ በድንጋይና በኖራ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ውኃ በገንዳ አስጠራቀሙ፤ ዛፍ አስተከሉ። የስፔን አርኪዮሎጂስቶች ፍርስራሹን ቆፍረው አጥንተውታል።

ያ ገነት ግን የአንድ ሰው ነበር። ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው አገሩ ደም ከተፋሰሰ በኋላ በ1632 እ.ኤ.አ. ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፤ በዚያው ዓመት አረፉ። አዘዞም በጎንደር ዘመን የእጨጌው መቀመጫ ሆነች። ጣሊያን ሲመጣ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያ አበጀባት። መንገድ ካለ ሱቅ ይመጣል፤ ሱቅ ካለ ቤት ይከተላል።

በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ በሙሉ የመንግሥት አድርጎ፣ ለመኖሪያ ቤት እስከ 500 ካሬ ሜትር ፈቀደ። በየከተማው ጌሾና ኮክ፣ ጎመንና ጤና አዳም የሚበቅልበት ጓሮ ነበረን። ቤተሰብ ሲበዛ፣ ኑሮም ሲከብድ፣ ጓሮው ላይ የሚከራይ ሰርቪስ ተሠራ። በዚህ ማንን እንወቅሳለን? ኮክ የቤት ኪራይ አይከፍልም።

ታዲያ ምን ተረፈ? በጎጃምና በደቡብ ጎንደር ሰማይ ላይ የበረረ ሰው ያውቀዋል፤ በእርሻው መሃል እንደ ደሴት የቀሩት ደኖች አብዛኞቹ የቤተ ክርስቲያን አፀዶች ናቸው። የንጉሡ ዛፍ ሲጠፋ የደብሩ ዛፍ የቆየው አፈሩ ስለተለየ አይመስለኝም። ምሳር ይዞ የመጣውን «ወዴት ነው?» የሚል ምእመን ስላለው ነው።

ዛሬ የከተማ ፕላን ሲወጣ «አረንጓዴ ቦታ፤ የሁሉም» ተብሎ ሲጻፍ እሰጋለሁ። የሁሉም የሆነ ነገር ብዙ ጊዜ የማንም ይሆናልና። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከካርታው ጥግ ላይ የሚጠብቀው ዕድር ስም አብሮ ይጻፍ።