ገና የሚጀምረው ኅዳር ላይ ነበር

የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 28 ድረስ 44 ቀናት አሉ (በዘመነ ዮሐንስ በዓሉ ራሱ ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ በ2016 እንደሆነው)። የዛሬ ከተሜ ይህን ጊዜ የሚያውቀው በበየዓይነቱና በጾም ኬክ ነው። በድሮው የደጋ ቤት ግን ጾሙ ሌላም ሥራ ነበረው። ላሟ ትታለባለች፣ ወተቱ ግን አይጠጣም፤ ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ይጠራቀማል። ዶሮዋ ትጥላለች፣ እንቁላሉ ግን ለቤቱ ምግብ አይውልም። ማንም ተነሥቶ «ለበዓል ቆጥቡ» ብሎ ሳይሰብክ፣ ቤቱ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያስቀመጠ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ይደርሳል። ጾም የተደነገገው ለነፍስ ነው፤ ጓዳውም ግን ተጠቅሞበታል።

ወቅቱም ያግዛል። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ ገና የሚውለው ጎተራው በሞላበት ሰሞን ነው። ፋሲካን ያየ ገበሬ ልዩነቱን ያውቀዋል። ከ55 ቀን ጾም በኋላ የሚመጣው ፋሲካ ቤቱን የሚያገኘው እህሉ እየተሟጠጠ፣ «ዘሩ እንዳይነካ» እየተባለ ነው። ጎረምሶቹ የገና ጨዋታ የሚጫወቱት ግን አዝመራው በተነሣበት ሜዳ ላይ፣ ሆዳቸው ሞልቶ ነው።

ድግሱም የራሱ ቀጠሮ ነበረው። ብቅል በአንድ ሌሊት አይበቅልም፤ እህሉ ይዘፈዘፋል፣ በቅጠል ተሸፍኖ ይበቅላል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል። ጌሾው ይወቀጣል፣ ጥንስሱ ይጣላል፣ ከቀናት በኋላ ቂጣውና አሻሮው ገብቶ ይደፈደፋል። ጠጅ ደግሞ ከዚህም የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። በርበሬው ይቀነጠሳል፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ይደለዛል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ከቅመሙ ጋር ይፈጫል። ቅቤው በኮረሪማና በኮሰረት ይነጠራል። እነዚህ ሁሉ በባሕርያቸው የማይቸኮልባቸው ሥራዎች ናቸው፤ ስለዚህ ዘግይቶ መጀመር የሚባል ነገር አልነበረም። ዋዜማው ላይ የሚቀረው ዶሮውን ማረድና ወጡን መሥራት ነው።

ይህን ሰምቶ «የድሮ ገና ጭንቀት አልነበረውም» የሚል ሰው ይኖራል፤ ተሳስቷል። ወፍጮው የእጅ ነው፣ ውኃው ከወንዝ ይቀዳል፣ እንጨቱ ከጫካ ይለቀማል፤ ሸክሙም በአብዛኛው በሴቶች ጀርባ ላይ ነው። ያ ዘመን በድካም የሚታማ አልነበረም። ድካሙ ግን በ44 ቀን ላይ ተበትኖ ነበር። ዛሬ ወፍጮ ቤት አለ፣ ቧንቧ አለ፣ የተገነጣጠለ ዶሮ የሚያቀርብ አለ፤ የቀረው ሥራ ግን ከታኅሣሥ 26 እስከ 28 ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ታጭቋል።

የድግሱ ልክ ከየት መጣ ለሚል መልሱ በከፊል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1887 እ.ኤ.አ. ለእንጦጦ ማርያም ምርቃት ያስደገሱት ግብር ቀናት የፈጀ ነበር። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን ስለ አፍሪካ ምግብ ታሪክ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ለዚህ አንድ ግብር ምዕራፍ ሰጥቶታል፤ የአንድ አገር ማዕድ ምን እንደሚመስል በዚያ ቀን ታይቷል ብሎ ያምናልና። ወጡም፣ እንጀራውም፣ ጠጁም፣ ጥሬ ሥጋውም በገፍ ቀርቧል። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ድግስ አንዲት ሴት አትሠራውም። በግቢው እንጀራ ጋጋሪዋ ሌላ ናት፣ ወጥ ሠሪዋ ሌላ፣ ጠጅ ጣይዋ ሌላ፤ ሥጋ ቤቱ ለብቻው፣ እንጨት ፈላጩና ውኃ ቀጂው ለብቻው። ማሩና ቅቤው ከየአገሩ ገበሬ ተሰብስቦ አስቀድሞ የገባ ነው። «ግብር» የሚለው ቃል ድግስንም ለመንግሥት የሚከፈለውንም የሚጠራው በከንቱ አይደለም።

ከዚያ ግብር በኋላ ብዙም ሳይቆይ የከብት በሽታው ገብቶ ክፉ ቀን መጣ። አብዛኛው ከብት አለቀ፤ የሚያርስ በሬ በመጥፋቱ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው ለሕዝቡ አርአያ ሆኑ። ለበዓል በሬ መጣል ከማረሻ ላይ ጉልበት መንቀል እንደሆነ ያ ትውልድ ማንም እንዲነግረው አልፈለገም።

አዲስ አበባ ስታድግ ከተሜው የግብሩን ማዕድ ወረሰ፤ ሠራተኛውንና ግምጃ ቤቱን አልወረሰም። ዶሮ ወጡ 12 ብልቱ ሳይጎድል፣ አልጫው፣ ክትፎው፣ ጥብሱ፣ ጠላው፣ ድፎ ዳቦው፣ ሁሉም በአንድ ቀን ከአንዲት ጓዳ ይጠበቃል። ያችው ጓዳ ውስጥ የምትቆመው ሴት ታኅሣሥ 28 ቀን እስከ 11 ሰዓት ቢሮ ውላ የመጣች ናት። ሌሊቱን ማኅሌት ቆማ ቅዳሴ አስቀድሳ ማደር ብትፈልግም የምታድረው ሽንኩርት ስታቁላላ ነው። ሲነጋ እንግዳ ተቀባይም እሷው ናት። «ባህላችን ነው» ይባላል። የባህሉ ግማሽ ግን የሥራ ክፍፍሉ ነበር፤ እሱን ያነሣ ሰው እምብዛም አይሰማም። ልጆች ዶሮ እንዲበልቱ፣ አባወራው ሽንኩርት እንዲልጥና እንዲከትፍ ኅዳር ላይ ቁጭ ተብሎ የተነጋገረበት ቤት ስንት ይሆን?

ከቆዩት ብልሃቶች ሁሉ የተሻለው ቅርጫ ነው። ማቀዝቀዣ በሌለበት አገር አንድ ቤተሰብ አንድ በሬ በልቶ አይጨርስም፤ ዋጋውንም ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ ጎረቤት ወይም የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ይሰባሰባል፣ ገንዘብ ይዋጣል፣ ከብት የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ገበያ ወርደው ይመርጣሉ። በሬው ሲታረድ እያንዳንዱ ብልት በመደቡ ቁጥር ልክ ይከፋፈላል፤ ከሻኛውም፣ ከሽንጡም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም ለሁሉም ይደርሳል። መደቦቹ ቅጠል ላይ ወይም ሸራ ላይ ከተደረደሩ በኋላ የቱ ለማን እንደሚሆን በዕጣ ይለያል። አለቃው የተሻለውን መርጦ አይወስድም። ቆዳው ተሽጦ ከወጪው ጥቂት ይሸፍን ነበር፤ ዛሬ ቆዳ ዋጋ አጥቶ በበዓል ማግሥት መንገድ ዳር ተጥሎ ይታያል። (ይህ የቆዳ ኢንዱስትሪው ታሪክ ነውና ለብቻው ይጻፍበት።)

ቅርጫ የሚያዋጣው ግን በጊዜ ሲሰበሰብ ነው። ጥቅምት ላይ ስም ተጽፎ፣ ከየደመወዙ ጥቂት ጥቂት ተዋጥቶ፣ በሬው ገበያው ሳይሞቅ ተገዝቶ ለሳምንታት የተቀለበ ቅርጫ አለ። ታኅሣሥ 25 በስልክ ተጠራርቶ የተሰበሰበም አለ። ሁለተኛው ቡድን ሸጎሌ ወይም ቃሊቲ ሲወርድ፣ ገዢው ባዶ እጁን ወደ ቤት መመለስ እንደማይችል ሻጩ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ድርድር ለይስሙላ ነው።

በዚህ ረገድ ከጉራጌ መስቀል የሚማሩት ብዙ ነው። እዚያ የዓመቱ ትልቅ በዓል መስከረም ላይ ነው፤ ዝግጅቱ ግን ዓመቱን ሙሉ ይሄዳል። ለበሬው ገንዘቡ ቀድሞ ይጠራቀማል፣ ሴቶቹ በቡድን ተደራጅተው ወተትና ቅቤ በተራ ያሰባስባሉ፣ ቆጮው ተፍቆ ይቀበራል፣ ልጆቹ ማገዶውን ይፈልጣሉ። አዲስ አበባ ያለ ነጋዴም የመስቀል እቁብ ይጥላል። ከከተማ ወደ አገር ቤት የሚደረገው ያ ሁሉ ጉዞ የሚቻለው እያንዳንዱ ሰው ድርሻውን ከወራት በፊት ስለሚያውቅ ነው።

በደርግ ዘመን ዕቅዱን የሚያወጣው ቀበሌው ነበር። ስኳርና ዘይት በኩፖን ስለነበር የበዓል ዝግጅት ማለት የቀበሌው ሱቅ ደርሶለት ሲያከፋፍል ሰልፍ ላይ መገኘት ነው። ከዚያ ወዲህ ገበያው ተከፈተ፣ የኤግዚቢሽን ማዕከሉ የገና ባዛር መጣ፣ ሾላ በበዓል ዋዜማ ሰው የማያሳልፍ ሆነ። ሐምሌ 2016 የብር የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ የ2017 ገና ከዚያ በኋላ የመጣው የመጀመሪያው ገና ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ለበዓል ብር ማስቀመጥ ብቻውን ብዙ አያስኬድም፤ የተቀመጠው ብር ከበሬው ዋጋ ጋር እኩል አይሮጥም። የድሮዋ እመቤት ያስቀመጠችው ብር ሳይሆን ቅቤ፣ በርበሬና ማር መሆኑ እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል። በርበሬ ኅዳር ላይ የገዛ፣ ቅቤ ገበያው ሳይንር ያነጠረ ቤት ከዋጋው ሩጫ ቢያንስ በከፊል ወጥቷል።

ለቀን ሠራተኛ «ቀድመህ ግዛ» ማለት ግን ፌዝ ነው። ሽንኩርት በግማሽ ኪሎ፣ ዘይት በትንሽ ላስቲክ የሚገዛ ሰው የኅዳር በርበሬ የሚገዛበት ገንዘብ ኅዳር ላይ የለውም። ለሱ የሚሆነው የዕለት እቁብ ነው፤ በየቀኑ ከሚያገኘው ጥቂት ይጥላል፣ ሰብሳቢውን ለምኖ ዕጣውን ለገና ሰሞን ያስደርጋል። ይህም ካልሆነ አራጣ አበዳሪ አለ፤ የበዓል ዋዜማ የሱ ወቅት ነው።

በውጭ አገር ያሉት ኢትዮጵያውያን ሳያስቡት ወደ ድሮው መንገድ የተመለሱ ይመስላል። በዋሽንግተንና በአካባቢው ገና ጃንዋሪ 7 ነው፤ ፈረንጁ በዓሉን ጨርሶ ወደ ሥራ የተመለሰበት ቀን። ዕረፍት ቀድሞ ካልተጠየቀ አይገኝም። ስለዚህ ወጡ በቅዳሜና እሑድ ተሠርቶ ማቀዝቀዣ ይገባል፣ በርበሬውና ቅቤው ክረምት ላይ አገር ቤት ደርሶ በተመለሰ ሰው ሻንጣ መጥቷል፣ አንዷ ዶሮውን ሌላዋ አልጫውን ሦስተኛዋ ድፎውን ይዛ አንድ ቤት ይሰበሰባሉ። አዲስ አበባ ውስጥ «ሰው ቤት ወጥ ይዤ ልሂድ?» ቢባል ነውር ይመስላል። እዚያ ማንም አላፈረበትም።

አዲስ አበባ ላይ ሌላም ሒሳብ አለ። የታኅሣሥ ደመወዝ የሚከፈለው ለገና ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው፤ ቀጣዩ እስከ ጥር መጨረሻ አይመጣም። ከገና 12 ቀን በኋላ ጥምቀት ነው፣ አዲስ ልብስ ይፈልጋል። ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው፤ የጥሪ ካርዱ ታኅሣሥ ሳያልቅ በር ሥር ገብቷል።