የኤሌክትሮኒክ የጤና መረጃ አሰባሰብ (ኢትዮጵያ)

በጤና ተቋማት የተመዘገበ መረጃን በኮምፒውተር አጠናቅሮ ወደ ወረዳ፣ ክልልና ጤና ሚኒስቴር የማስተላለፍ አሠራር። ዋናው ሶፍትዌር ዲኤችአይኤስ 2 መነሻው ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ በ2010 ዓ.ም. አካባቢ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ዋለ፤ ከኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠርም ጋር ተጣጥሟል። የሪፖርት ወሩ ከአንዱ ወር 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ይቆጠራል።

የመረጃው ምንጭ በአብዛኛው አሁንም ወረቀት ነው። ነርሷ በመዝገብ የጻፈችው በቆጠራ ቅጽ ይደመራል፣ ከዚያ ወደ ኮምፒውተር ይገባል። ስሕተት በየእርከኑ ሊሾልክ ስለሚችል ሪፖርቱን ከመዝገቡ ጋር በናሙና ማመሳከር ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ እንደ መካነ ሰላም ዙሪያ ባሉ የክልሉ ደጋማ ወረዳዎች ለዚህ አሠራር ያለው ዝግጁነት የሚለካው በኮምፒውተር ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ያለ ኔትወርክ መዝግቦ በኋላ መላክ በመቻል፣ በመብራትና በሠለጠነ ባለሙያ ነው።