የታይላንድ የጡረተኞች ቪዛ የገቢ መስፈርት

ዕድሜው 50 ዓመት የሞላ የውጭ አገር ዜጋ ሥራ ሳይሠራ በታይላንድ ለመኖር የአንድ ዓመት ፈቃድ ሲጠይቅ እንዲያሳይ የሚገደድበት የገንዘብ ልክ የጡረተኞች ቪዛ የገቢ መስፈርት ይባላል። ሦስት አማራጮች አሉ፦ በታይላንድ ባንክ በራስ ስም የተቀመጠ 800,000 ባት፣ ወይም በየወሩ 65,000 ባት ገቢ፣ ወይም ተቀማጩና የዓመቱ ገቢ ተደምረው 800,000 ባት። በልማድ «የጡረታ ቪዛ» ይባል እንጂ አብዛኛው ነዋሪ በየዓመቱ 1,900 ባት ከፍሎ የሚያድሰው የቆይታ ማራዘሚያውን ነው። ታይላንዳዊት ላገባ ሰው በትዳር በኩል ያለው መስፈርት ዝቅ ይላል፤ 400,000 ባት ተቀማጭ ወይም በወር 40,000 ባት ይበቃል። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ ዋና ቁጥሮች በሒሳብ አይገጣጠሙም። 65,000 በ12 ሲባዛ 780,000 ይመጣል፤ ከተቀማጩ ልክ በ20,000 ባት ያንሳል። በዚህ የተነሳ በወር 65,000 ባት የሚያገኝ ሰው በወርኃዊ ገቢው መንገድ ያልፋል፤ በድምር መንገድ ካመለከተ ግን 20,000 ባት መጨመር ይኖርበታል።

የቀድሞ ነዋሪዎች

መስፈርቱ ለሁሉም እኩል አይደለም። ከኦክቶበር 21 ቀን 1998 በፊት ወደ አገሪቱ ገብተው በጡረታ ፈቃድ ሳያቋርጡ የኖሩ ሰዎች በቀድሞው ልክ ይስተናገዳሉ። ዕድሜያቸው 60 የሞላ ከሆነ 200,000 ባት ተቀማጭ ወይም በወር 20,000 ባት፣ ከ55 እስከ 59 ከሆነ 500,000 ባት ወይም በወር 50,000 ባት ይጠየቃሉ። «ሳያቋርጡ» የምትለው ቃል ከባድ ናት። ለሕክምናም ሆነ ለለቅሶ ከአገር የወጣ ሰው የመመለሻ ፈቃድ ካልያዘ ማራዘሚያው ይሰረዛል። የመመለሻ ፈቃዱ ለአንድ ጊዜ 1,000 ባት፣ ለብዙ ጊዜ 3,800 ባት ነው።

ባት ከዶላር ጋር የነበረው ትስስር የተቋረጠው በጁላይ 2 ቀን 1997 ነው። በፊት አንድ ዶላር 25 ባት ገደማ የነበረው በጃንዋሪ 1998 ከ50 ባት በላይ ደርሶ ነበር። የ1998ቱን የመለያ ቀን ከዚህ ቀውስ ጋር የሚያያይዙ አሉ። የጊዜው መቀራረብ ሐሳቡን የሚደግፍ ቢመስልም ከግምት የሚያልፍ አይደለም።

የኤምባሲ ደብዳቤ

እስከ 2018 መጨረሻ ድረስ ወርኃዊ ገቢን ለማስረዳት ቀላሉ መንገድ ከኤምባሲ የሚወጣ የገቢ ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው የሚመሰክረው ነገር ግን ከኤምባሲ ኤምባሲ ይለያይ ነበር። አንዳንዱ ኤምባሲ የጡረታ አበል ወረቀት አይቶ ይጽፋል። በአሜሪካ ኤምባሲ ግን አመልካቹ የገቢውን መጠን በቅጹ ላይ ራሱ ይሞላል፣ ቆንስላው ፊት ቃለ መሃላ ይፈጽማል፣ 50 ዶላር ይከፍል ነበር። ቆንስላው ያረጋግጥ የነበረው ሰውየው መማሉንና መፈረሙን እንጂ ገቢው እውነት መሆኑን አልነበረም። ወረቀቱ ኢሚግሬሽን ሲደርስ ደግሞ የኤምባሲ ማኅተም ስላረፈበት መንግሥት ገቢውን እንደመሰከረ ተቆጥሮ ያልፍ ነበር። ለዓመታት አንድ ወገን መሃላ ብሎ የሰጠውን ሌላው ወገን ማስረጃ ብሎ ተቀብሏል።

በ2018 መገባደጃ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የአውስትራሊያ ኤምባሲዎች ከ2019 መግቢያ ጀምሮ ይህን አገልግሎት እንደሚያቆሙ አስታወቁ። ለማቆሙ ተጠያቂው ማን ነው የሚለው እስካሁን ያከራክራል። በኤምባሲዎቹ በኩል የቀረበው ምክንያት የታይላንድ ባለሥልጣናት ገቢው እንዲጣራ መፈለጋቸውና ኤምባሲ የዜጎቹን ገቢ የሚያጣራበት አቅም የሌለው መሆኑ ነው። ሌሎች ደግሞ የበርካታ አገሮች ኤምባሲዎች ደብዳቤ መስጠታቸውን፣ ኢሚግሬሽኑም መቀበሉን መቀጠሉን ጠቅሰው ውሳኔው የኤምባሲዎቹ የራሳቸው ነው ይላሉ። ሁለቱ አባባሎች የግድ አይጣረሱም፤ መጣራት አለበት ሲባል ማጣራት የቻለው ቀጠለ፣ ያልቻለው አቆመ ማለት ይቻላል። በሐሰት የማለውና እውነተኛ ጡረታ ያለው ሰው በአንድ ቀን እኩል ደብዳቤ መነፈጋቸው ግን ፍትሐዊ አልነበረም። ከጡረታ አበሉ በቀር ጥሪት የሌለው፣ 800,000 ባት በአንድ ጊዜ አምጣ ቢባል ከየትም የማያመጣ ሽማግሌ በዚህ ክፉኛ ተጎድቷል።

በደብዳቤው ቦታ የገባው የባንክ ማስረጃ ነው። የሦስቱ አገሮች ዜጎች በገቢ መንገድ ለማመልከት ለ12 ወራት በየወሩ ከ65,000 ባት ያላነሰ ገንዘብ ከውጭ አገር መግባቱን የሚያሳይ የባንክ ዝርዝር ያቀርባሉ። ገንዘቡ ከውጭ መምጣቱ በባንኩ ኮድ መታየት አለበት። አንዳንድ የኦንላይን ሐዋላ ድርጅቶች ገንዘቡን የሚያስተላልፉት በታይላንድ ውስጥ ባለ አጋር ባንክ በኩል ስለሆነ በባንክ ደብተሩ ላይ እንደ አገር ውስጥ ዝውውር ይመዘገባል። እንዲህ ሲሆን ጡረታው ከለንደን ወይም ከዴንቨር መምጣቱ እውነት ሆኖ ሳለ ለኢሚግሬሽን አልመጣም። ብዙዎች ይህን የሚያውቁት ዓመቱ አልቆ ወረቀታቸው ሲመለስ ነው።

ተቀማጩ

በ2019 የወጣው የፖሊስ ትእዛዝ የተቀማጩን አያያዝ አጥብቋል። 800,000 ባቱ ከማመልከቻው በፊት ሁለት ወር፣ ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ሦስት ወር ሳይነካ መቆየት አለበት፤ በቀሪዎቹ ወራት ከ400,000 በታች መውረድ አይችልም። ቀደም ሲል ማኅተሙ በተመታ ማግስት ገንዘቡን ማውጣት ይቻል ነበር። ኤጀንት የሚባሉ ደላሎች የራሳቸውን ገንዘብ ለአጭር ጊዜ በአመልካቹ ሒሳብ አስገብተው የሚያወጡበት አሠራር ስለነበር ሕጉ ያነጣጠረው በእነርሱ ላይ ነው ተብሎ ይታመናል። ውጤቱ ግን ለሐቀኛው ነዋሪ 400,000 ባት ለዘለዓለም የታሰረ ገንዘብ መሆኑ ነው። ልብ ቢታመም እንኳ ከዚያ ቢያወጣ የሚቀጥለውን ዓመት ፈቃድ ሊያጣ ይችላል። ሕጉ ገንዘቡን ለሽማግሌው መተዳደሪያ ብሎ አስቀምጦ በችግሩ ቀን እንዳይነካው መከልከሉ የዚህ መስፈርት ትልቁ ጉድለት ነው።

የማመልከቻው ዕለት ጠዋት ሥራው ከባንክ ይጀምራል። ተቀማጩ መኖሩን የሚገልጽ በባንኩ የተፈረመ ደብዳቤ ይወሰዳል፤ የባንክ ደብተሩም የዕለቱን ሒሳብ እንዲያሳይ በማሽን ይታተማል። ሒሳቡ ካልተንቀሳቀሰ ማሽኑ አዲስ መስመር ስለማያትም ብዙዎች በዚያው ጠዋት 100 ባት ያስገባሉ። ከዚያ የፓስፖርቱና የደብተሩ ገጾች ኮፒ ይደረጋሉ፣ በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ ይፈረማል፣ 4 በ6 ሳንቲ ሜትር ፎቶ ቲኤም 7 በሚባለው ቅጽ ላይ ይለጠፋል። በባንኮክ ይህ ሁሉ የሚቀርበው በቼንግ ዋታና በሚገኘው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግቢ ነው። የሚጠየቁት ተጨማሪ ወረቀቶች ከጽሕፈት ቤት ጽሕፈት ቤት ይለያያሉ።

የምንዛሪ ዋጋ

መስፈርቱ በባት ተቆርጧል፤ ጡረታው ግን በሌላ ገንዘብ ይከፈላል። በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ ለጡረተኛ የሚከፍለው አማካይ አበል በወር 1,976 ዶላር ነበር። ዶላር በ33 ባት ሲመነዘር ይህ 65,208 ባት ይሆናል፣ በ208 ባት ያልፋል። በ32 ሲመነዘር 63,232 ሆኖ ይወድቃል። ከአበሉ ላይ ሜዲኬር ለተባለው የአሜሪካ የጤና መድን የዚያ ዓመቱ የክፍል ቢ መዋጮ 185 ዶላር ከተቆረጠ በ33 ሒሳብ እንኳ የሚቀረው 59,103 ባት ነው። ሜዲኬር ደግሞ በታይላንድ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም።

የእንግሊዝ ጡረተኛ ኪሳራው ድርብ ነው። በ2007 አንድ ፓውንድ ከ60 ባት በላይ ያወጣ ነበር፤ ከ2016ቱ የብሬግዚት ሕዝበ ውሳኔ በኋላ ወደ 40ዎቹ ወርዷል። በ62 ባት ሒሳብ 65,100 ባት ይሆን የነበረ 1,050 ፓውንድ በ43 ሒሳብ 45,150 ብቻ ነው። በዚህ ላይ የእንግሊዝ መንግሥት ጡረታ በታይላንድ ለሚኖር ሰው በየዓመቱ አይጨመርም፤ ሲጀመር በነበረበት ይቆማል። በፊሊፒንስ ለሚኖረው ግን ይጨመርለታል፣ ምክንያቱም ፊሊፒንስ ከእንግሊዝ ጋር የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት አላት።

የጤና መድን

ከኦክቶበር 31 ቀን 2019 ጀምሮ ኦ-ኤ የተባለውን ቪዛ የሚይዙ ጡረተኞች የጤና መድን እንዲኖራቸው ግዴታ ሆኗል። መጠኑ መጀመሪያ ለተኝቶ ሕክምና 400,000 ባት፣ ለተመላላሽ 40,000 ባት ነበር፤ በኋላ ወደ 3 ሚሊዮን ባት ከፍ ብሏል።

በሌሎች አገሮች

ፓናማ ለጡረተኛ የምትጠይቀው በወር 1,000 ዶላር የዕድሜ ልክ ጡረታ ነው። ስፔን ሥራ ለማይሠራ ነዋሪ በወር 2,400 ዩሮ ያህል ትጠይቃለች። ፖርቱጋል የምትነሳው ከአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ሲሆን ይህም በ2025 በወር 870 ዩሮ ነበር። ታይላንድ ራሷ በ2022 የረጅም ጊዜ ነዋሪ ቪዛ ጀምራለች፤ በዚህ በኩል ለሚገባ ጡረተኛ ልኩ በዓመት 80,000 ዶላር ነው። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት ቢጫ ካርድ የተሰጠው ትውልደ ኢትዮጵያዊ የመግቢያ ቪዛም የመኖሪያ ፈቃድም አያስፈልገውም። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በጡረታ የሚመለስ ባለ ካርድ እንዲህ ያለ የገቢ ልክ አይገጥመውም።

ግብር

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በዓመት 180 ቀን ወይም ከዚያ በላይ በታይላንድ የኖረ ሰው ከውጭ ያስገባው ገቢ ለግብር ሊታሰብ ይችላል። ጡረታን በሚመለከት ውጤቱ የሚወሰነው ከላኪው አገር ጋር ባለው የድርብ ግብር ማስቀረት ስምምነት ነው።

ባለሒሳቡ ሲሞት

በአንድ ሰው ስም ብቻ ያለ ተቀማጭ ባለቤቱ መሞቱ ባንኩ ዘንድ ሲደርስ ይታገዳል፤ የሚለቀቀውም የታይላንድ ፍርድ ቤት የውርስ አጣሪ ሲሾም ነው። መስፈርቱ ሒሳቡ በአመልካቹ ስም እንዲሆን ስለሚያስገድድ አብራ የኖረች ሚስት እንኳ ለቀብር ከዚያ ማውጣት አትችልም። በዚህ ምክንያት ብዙ ነዋሪዎች በታይላንድ ያላቸውን ንብረት የሚመለከት የተለየ ኑዛዜ እዚያው ያዘጋጃሉ፣ ለቀብርና ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሚሆን ገንዘብም በሚስት ወይም በልጅ ስም ለብቻ ያስቀምጣሉ።