የኑግ ፋጉሎና የመኖ ሕግ

የኑግ ፋጉሎ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚታለቡ ላሞች የታወቀ የፕሮቲን መኖ ነው። ይሁንና እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፤ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ያፈራል። መርዙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከብራዚል የገባ የለውዝ ፋጉሎ የበሉ 100,000 ያህል ተርኪ የተባሉ ትልልቅ ዶሮዎች ማለቃቸውን ተከትሎ ነበር።

በኢትዮጵያ የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728 በ2004 ዓ.ም. ወጣ። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ ሰበታንና ሱሉልታን ጨምሮ ከአዲስ አበባና አካባቢዋ በተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉ ወደ ወተት የተሸጋገረ አፍላቶክሲን መገኘቱን ገለጸ። የመርዙ መጠን በአንድ ኪሎ ግራም የስንዴ ፉርሽካ ከ31 ማይክሮግራም ሳያልፍ፣ በኑግ ፋጉሎ ከ290 እስከ 397 ደርሷል።

እንግዲህ ቁጥጥሩ ከዘይት መጭመቂያው አንሥቶ እስከ አርቢው መጋዘን ካልዘለቀ፣ ላሚቱ የበላችው ሻጋታ በሕፃናት ብርጭቆ ተመልሶ መቅረቡ አይቀርም።