የሰሊጥ አበባና የመርጫ ሰዓት፦ ንብ፣ ወፍና ፀረ ተባይ በመተማ ቆላ

በመተማ፣ በቋራና በአጎራባች የምዕራብ ጎንደር ቆላዎች ሰሊጥ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ይዘራል፤ ነሐሴ ሲገባ ማሳው ደወል መሳይ አበባ ይለብሳል። የእያንዳንዱ አበባ ዕድሜ አንድ ቀን ነው። ሊነጋጋ ሲል ይፈካል፤ ወደ ማታ ይረግፋል። ንብ የምትቀስመው በዚያችው ቀን ነው፤ መርጫ የተሸከመ ሰውም ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በዚያችው ቀን ነው። አበባ አዳቃይ ነፍሳትንና የዱር እንስሳትን ከፀረ ተባይ የመጠበቅ ነገር በዚህ አገር ከመድኃኒቱ ዓይነት እኩል የሰዓት ጉዳይ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ሰሊጥ በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ነው። ንብ አያስፈልገውም ማለት ግን አይደለም፤ ነፍሳት የጎበኙት ሰሊጥ የተሻለ ፍሬ እንደሚይዝ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። የዕጣን ዛፉ ጉዳይ የበለጠ ይከብዳል። መተማ በዕጣኗ የምትታወቅ ናት፤ ዛፉም በበጋ፣ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ሲቆም ያብባል፣ ዘር ለመያዝም ነፍሳት ያስፈልጉታል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ መተማንና አበርገሌን የሸፈነ ጥናት ሁኔታው ካልተለወጠ የዕጣን ዛፉ ቁጥር በ50 ዓመት ውስጥ 90 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ገምቷል። በጥናቱ የተነሡት ምክንያቶች ቃጠሎ፣ ልቅ ግጦሽና ግንድ የሚቦረቡር ጥንዚዛ ናቸው እንጂ ፀረ ተባይ አይደለም። ያም ሆኖ ቁጥሩ እንዲህ ሊቀንስ በሚችል ዛፍ ላይ አዳቃዩንም ማጥፋት ደግ ነገር አይደለም።

ገበሬው የሚረጨው በከንቱ አይደለም። ቅጠሉንና እምቡጡን በድር ጠቅልሎ የሚበላ ትል የሰሊጡን ምርት ያሳጣዋል፤ ጥጥ ላይ ጓይ ትል አለ፤ ታጭዶ በቆመው ነዶ ላይ ደግሞ የሰሊጥ ትኋን ይሰፍራል። ከሦስቱ ርጭቱ ለንብ የማያሰጋው የመጨረሻው ላይ ነው፤ ያን ጊዜ አበባ የለምና። ጥጥ ግን ተንኮለኛ ነው። ከአበባው ሌላ ከቅጠሉ ጀርባም ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚያመነጭ፣ አበባ ሳይኖረው እንኳ ንብ ይጠራል።

ማላታይንና ላምዳ ሳይሃሎትሪንን የመሳሰሉት መድኃኒቶች በነርቭ ላይ የሚሠሩ ናቸው፤ ትሉንና ንቢቱን አይለዩም። በቀጥታ የተረጨባት ንብ ብዙውን ጊዜ ቀፎዋ ሳትደርስ ትወድቃለች። የደረሰችው ትንቀጠቀጣለች፣ ምላሷ ተዘርግቶ ትሞታለች፤ አናቢው ጠዋት ከቀፎው ደጃፍ የሬሳ ክምር ያገኛል። የከፋው ግን ያልታየው ሞት ነው፦ የተመረዘ የአበባ ዱቄት ቀፎ ውስጥ ገብቶ የእጮች ምግብ ይሆናል። በዘር ላይ የሚለወሱ እንደ ታያሜቶክሳም ያሉ መድኃኒቶች ደግሞ በተክሉ ሥር ገብተው እስከ አበባው ሊዘልቁ ይችላሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2018 እ.ኤ.አ. ሦስት የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶችን በሜዳ ሰብል ላይ መጠቀምን ከልክሏል። ገበሬው ቱፎርዲ የሚለው ፀረ አረምም ንብን በሌላ መንገድ ይጎዳል፤ በማሽላ ማሳ ውስጥ የሚያብበውን ቅጠለ ሰፊ አረም ሲያጠፋ መኖዋን ይወስድባታል።

የተለመደው ምክር «ርጭት ሲኖር ቀፎውን ዝጋ» ይላል። ለመተማ ይህ ምክር ግማሽ ነው። ባህላዊው ቀፎ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ነው፤ ወጥቶ መዝጋት አንድ ጣጣ፣ በቆላ ሙቀት የተዘጋ ቀፎ ታፍኖ ማለቁ ሌላ ጣጣ። ቢያንስ ርጥብ ጆንያ መጣልና ለአየር ቀዳዳ መተው ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ሰፋፊ እርሻዎች ላይ የሚረጨው ብዙ ጊዜ ለወቅቱ የመጣ የቀን ሠራተኛ ነው፤ የንቡን ባለቤት አያውቀውም። ስለዚህ መንቀሳቀስ ያለበት ቀፎው ሳይሆን መርጫው ነው፦ ወደ ማታ፣ አበባው ከረገፈና ንቧ ከገባች በኋላ።

ወፎች ሌላ ታሪክ አላቸው። የማሽላ ጠላት የሆነው ግሪሳ ወፍ በሚሊዮን ሆኖ በሚያድርበት ሥፍራ በአውሮፕላን ፌንታዮን የተባለ መርዝ ሲረጭበት ኖሯል። ችግሩ የሞተውን ወፍ የሚበላው ነው፤ ንስር፣ ጭልፊትና ሌላው አዳኝ ሁሉ የተመረዘ ሥጋ ያነሣል። ቻድ ጉዳዩን ለዓለም አቅርባ፣ የዚህ መርዝ እጅግ አደገኛ ቅንብር በ2025 እ.ኤ.አ. በሮተርዳም ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ዝርዝሩ እገዳ አይደለም፤ አስመጪው አገር አስቀድሞ አውቆ እሺ ወይም እምቢ እንዲል ያደርጋል።

በዚህ የሱዳን ድንበር ሥጋቱ ወሰን የለውም። በቋራ ወረዳ ያለው፣ በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ በ1935 እ.ኤ.አ. ከተከለለው የሱዳኑ ዲንደር ጋርም የተያያዘ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. አንበሳ መኖሩ በካሜራ የተረጋገጠው በአልጣሽ ነው። ከእርሻው ታጥቦ ሽንፋና ጓንግ የገባ ነገር ሁሉ ደግሞ ራሃድና አትባራ ሆኖ ሱዳን ይደርሳል።

ሕጉ አለ። የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660/2002 እና የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 በአንድ ዓመት ውስጥ የወጡ ናቸው። ያልተመዘገበ መድኃኒት መሸጥ ክልክል ነው፤ የድንበር ገበያን መቆጣጠር ግን አዋጅ እንደ ማውጣት አይቀልም።

አማራጩ ከሩቅ መምጣት አይኖርበትም። በአርባ ምንጭ አካባቢ ፓን ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት ከጥጥ ገበሬዎች ጋር በሠራው ሥራ፣ አዳኝ ነፍሳትን የሚስብ የምግብ ርጭት ጥቅም ላይ ውሏል፤ ሀሳቡ ትሉን በሌሎች ነፍሳት ማስበላት ነው። በቆላው ጥላው የተለመደው ኒምም አለ፦ ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያድራል፣ ተጣርቶ ይረጫል። ትልን ከመብላትና ከማደግ ይገታዋል እንጂ ወዲያው አይጥለውም፤ ቶሎ ውጤት ማየት የለመደ ገበሬ የሚያማው በዚህ ነው። ፀሐይ ቶሎ ኃይሉን ስለምትሰብረውም የሚረጨው ወደ ማታ፣ የሰሊጥ አበባ በረገፈበት ሰዓት ነው።